ቀለም ይቀባል፤ ጎረቤት ግን…

አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ቤት ሊገዙ የተነሡ ወዳጆቼ «ዓይንህን አውሰን» ብለው ወደ ልደታ ይዘውኝ ሄዱ። ባል፣ ሚስትና የባል እናት ናቸው። ባልና ሚስቱ ነገሩን ከጀመሩት ስምንት ወር አልፏቸዋል። እሷ ዓይኗ የወደደውን ቤት ስታገኝ የእሱ ኪስ እምቢ ይላል፤ የእሱ ኪስ የሚፈቅደውን ሲያገኙ ደግሞ እሷ በሩን ገፍታ ሳትገባ ፊቷን ታዞራለች። አምሮትና ዋጋ እንዲህ ሲጓተቱ ክረምቱ አልፎ በጋው መጣ።

ደላላው በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ኮንዶሚኒየም አሳየን። አንደኛው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም፣ ማድ ቤቱ በካቢኔት የተሞላ። ሁለተኛው አንደኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ቀለሙ የተላጠ ነው፤ ዋጋው ግን ከላይኛው ይበልጣል። «ለሊሾ ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ የምከፍለው?» አለ ባል። ሚስትም ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ የላይኛው ለዓይንም ለኪስም የሚስማማ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ እናትዮዋን ፈለግናቸው። ደረጃውን ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ወጥተው ተመልሰዋል። ግቢው ውስጥ፣ ከጋራ መገልገያው ቤት ጥግ ቆመው ደላላውን «ልጄ፣ እዚህ ዕድር አለ?» ሲሉ ደረስን። ደላላው ግራ ገባው። «ማዘር፣ ካርታው ንጹሕ ነው፤ ዕዳም የለበትም» አላቸው። እሳቸው ግን የጠየቁት ሌላ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ልደታ ሳይፈርስ በአንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ ልጆች አሳድገውበታል። «ቧንቧው እዚህ ጋ ነበር» እያሉ በከዘራቸው የሚያሳዩት ቦታ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው።

ለመሆኑ በዚህ ከተማ ቤት የሚገዛ ሰው ምንድን ነው የሚገዛው? ግድግዳና ጣሪያ ነው ወይስ ሌላ? መልሱን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤት የሚገዛ አልነበረም፤ ቦታ የሚመራ እንጂ። ንጉሡ ለመኳንንቱ ቦታ ይመራሉ፤ መኳንንቱ ደግሞ በዙሪያቸው ወታደራቸውን፣ ባለሙያቸውንና አሽከራቸውን ያሰፍራሉ። «ሰፈር» የሚለው ስም ራሱ ሰፈረ ከሚለው የመጣ፣ የጦር ሰፈርን የሚያስታውስ ነው። ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንለው ለዚህ ነው። የልደታው የባልቻ ሆስፒታልም ስሙን የወሰደው ከደጃዝማች ባልቻ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ሰው የት ልኑር ብሎ ሲያስብ የሚመዝነው የቤቱን መልክ ወይም ዋጋውን ሳይሆን ለማን እንደሚያድርና ከማን ጋር እንደሚያድር ነበር። ጌታውና ሎሌው አጥር ለአጥር ይኖራሉ። ባለጸጋውና ድኻው በአንድ መንገድ መውጣትና መግባታቸው፣ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የአዲስ አበባ መለያ ሆኖ የቆየው ከዚያ የተነሣ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለወጥ የሚፈቅድ ደንብ አወጡ። ቦታ ዋጋ የሚቆረጥለት ዕቃ የሆነው ያኔ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት በዛ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቆርቆሮም እንደ ልብ መግባት ጀመረ። ገንዘብ ያለው የአርመን፣ የሕንድና የግሪክ ግንበኞችን ቀጥሮ ሰገነት ያለው፣ በእንጨት ጥልፍ ያጌጠ ቤት አሠራ። የሌለው ጭቃውን አስቦክቶ፣ ጭዱን ቀላቅሎ፣ ጎረቤት ጠርቶ ቤቱን መረገ። አምሮት የባለገንዘብ፣ ዋጋ የድኻ ጉዳይ ሆነው የተለያዩት እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ቤትን በማዕረግና በዘር ከፋፈለው። ለመንግሥቱ ሠራተኞች የሠራቸው ቤቶች ስም ዛሬም ካዛንችስ ላይ ቀርቷል። በልደታ በኩል ደግሞ የአውሮፕላን ሜዳ ነበረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተነሣው ከዚያ ነው። በ1950ዎቹ ቦሌ እስኪከፈት ድረስ የዋና ከተማዪቱ የአየር በር ልደታ ነበረች። ከሜዳው ወዲያ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎች ተሠርተው ለውጭ ዜጎች ሲከራዩ፣ ከወዲህ በኩል የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው ቆሙ። በ1950ዎቹ ለቤት ሠሪ የሚያበድሩ ተቋማትም ተመሠረቱ፤ ነገር ግን ብድር የሚያገኘው ቋሚ ደመወዝና መያዣ የሚሆን ቦታ ያለው ነው። አብዛኛው መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ በነበረበት ከተማ፣ አብዛኛው ሰው ተከራይ ሆኖ ቀረ። ተከራይ ደግሞ የሚመርጠው ቤቱን ሳይሆን አከራዩን ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ ገለበጠው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተደነገገ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ መንግሥት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። አነስተኛ ገቢ ላላቸው ተከራዮች ኪራይ ተቀነሰ። በአንድ ቀን ከባለርስቱ ፊት መለመን ቀረና፣ ለብዙ ሰው ዕፎይታ ሆነ። ይህን መካድ አይቻልም።

ይሁንና አዋጁ ሌላም ነገር አደረገ። ዋጋ ሲሞት ምርጫም አብሮት ሞተ። የቀበሌ ቤት ተከራይ በወር ጥቂት ብር እየከፈለ ዕድሜውን ይኖራል እንጂ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ለመለወጥ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ቀበሌውም በዚያ ኪራይ ቤት ማደስ አይችልም። ቤቱ የእኔ ነው የማይል ሰው ደግሞ ግድግዳ ላይ ብዙ ገንዘብ አያፈስም። ታዲያ የሰው አምሮት የት ገባ? ወደ ውስጥ ገባ። በልደታና በጌጃ ሰፈር፣ ከውጭ ሲታዩ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ የጭቃ ቤቶች በራቸው ሲከፈት የተጠለፈ መጋረጃ፣ መስታወት ያለው ቡፌ፣ በዳንቴል የተሸፈነ ሶፋ፣ የተወለወለ ወለል ይታይባቸው ነበር። ወደ ውጭም ወጣ፤ ወደ ዕድሩ፣ ወደ ማኅበሩ፣ ወደ ዕቁቡ። ግንቦት 1 ቀን የልደታ ዕለት ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ ላይ ንፍሮ ሲቀቅል፣ ቡና ሲያፈላ፣ ልጆች ሲሯሯጡ፣ ያ ጠባብ ደጅ የሁሉም ሳሎን ይሆናል። ለዚህ ሳሎን ኪራይ የከፈለ ማንም የለም።

ለውጡ የመጣው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ፤ መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ሲቀር የመጠቀም መብቱ ዋጋ ተቆረጠለት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከተማው የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በሰፊው መገንባት ጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባው ሲካሄድ ከ450 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተመዘገበ። በዚህ አሠራር ቤት ፈላጊው ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት መኝታ ብሎ ይመዘገባል። የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ሕንፃ፣ ስንተኛው ፎቅ የሚለውን የሚመልሰው ግን ዕጣ ነው። ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ቤቱ የውስጥ ማጠናቀቂያው ሳይሠራ ይሰጣል። ወለሉን ማልበስ፣ ግድግዳውን መለሰንና ቀለም መቀባት የባለዕድሉ ድርሻ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ዕጣው የሚወስነው በኋላ ሊለወጥ የማይችለውን፣ ለሰውየው የሚተወው ደግሞ በኋላ ሊለወጥ የሚችለውን ነው።

ልደታ የፈረሰችው በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ነው። መልሶ ለማልማት በሚል 26 ሄክታር ገደማ ተጠረገ። ለቀበሌ ቤት ነዋሪዎች የቀረበው ምርጫ ሁለት ነበር፤ 20 በመቶ ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር አድርጎ ኮንዶሚኒየም መግዛት፣ አለበለዚያ ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት መከራየት። የግል ይዞታ ያላቸው ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጣቸው። ወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም የድርሻውን አግኝቷል። ለግድግዳው ተከፍሏል፤ ለቦታው ተተክቷል። ዕድሩ ግን በየትኛው ሒሳብ ውስጥ ገባ? ጀሞ ሄደው የሰፈሩት እኚህ እናት፣ የሰፈሩ ዕድር እስኪበተን ድረስ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ እየያዙ ልደታ ይመጡ እንደነበር ልጃቸው አጫውቶኛል።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ዋጋ ወደ ላይ ሸሸ። በ2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ መስመር በልደታ አልፎ ሥራ ጀመረ። ከልደታ ብዙም በማይርቀው ሰንጋ ተራ የ40/60 ቤቶች ተሠርተው፣ ክራውን ከሚባለው ሳይት ቤቶች ጋር በ2009 ዓ.ም. ዕጣ ሲወጣባቸው፣ ቅድሚያ ያገኙት ሙሉውን ዋጋ አስቀድመው የከፈሉ ናቸው። ዕጣ የደረሰው ሰው እስከ አምስት ዓመት መሸጥ አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ወደ ገበያው ይወጣል። የእኔ ወዳጆች ከደላላው ጋር የተገናኙት በዚህ ገበያ ላይ ነው። ዛሬ ዕጣው የለም፤ ከማንም ቦታ መመራትም የለም። ከመቶ ዓመት በላይ ጌታ፣ አዋጅና ዕጣ ሲወስኑለት የኖረው ከተሜ ዛሬ ገንዘቡን ይዞ ራሱ ሊወስን ቆሟል። ለዚህ ነው «መልክ ወይስ ዋጋ?» የሚለው ጥያቄ ያን ያህል የሚያስጨንቀው፤ ልምዱ የለንምና።

ከታሪኩ የምንማረው ግን አንድ ነገር ነው። የቤት አምሮት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በኋላ የሚጨመር ነው፤ ሴራሚክ፣ ጂፕሰም፣ ካቢኔት፣ ቀለም። የቀበሌው ዘመን ሰዎች ይህን በጭቃ ቤት ውስጥ እንኳ በዳንቴልና በመጋረጃ ሲያደርጉት ኖረዋል። እንዲህ ላለው አምሮት ሲባል ዋጋ መጨመር ከንቱ ነው። ሁለተኛው በኋላ በገንዘብ የማይጨመር ነው፤ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ የደረጃው ብዛት፣ ውኃው የሚደርስበት ከፍታ፣ የጧት ፀሐይ፣ ለሥራና ለሕክምና ያለው ቅርበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎረቤት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲባል የኖረው በከንቱ አይደለም። ለዚህኛው አምሮት ትንሽ ጨምሮ መክፈል ቅንጦት አይደለም። ልደታ ስትፈርስ ሰው የጎደለው ሊሾ ወይም ሴራሚክ አልነበረምና።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመልሳችሁ። ደላላው ስለ ዕድሩ ስላላወቀ፣ ከጋራ መገልገያው ቤት እንጀራ ጋግረው የሚወጡ አንዲት ሴት ተጠየቁ። ዕድሩ አለ። ድንኳኑም ወንበሩም የራሱ ነው። ግንቦት ልደታም እዚሁ ግቢ ውስጥ ይከበራል። እናትዮዋ ይህን ሲሰሙ ምንም አልተናገሩም፤ እየተደገፉ አንደኛውን ፎቅ በራሳቸው እግር ወጡና ባዶው ቤት በረንዳ ላይ ቆመው ወደ ታች ተመለከቱ።

ባል ዝም አለ። ሚስት እማማዋን ቀና ብላ ትንሽ አየቻቸውና ወደ ደላላው ዞረች።

«ለመሆኑ» አለችው፣ «ሊሾ ላይ ሴራሚክ ለማንጠፍ በካሬ ስንት ይፈጃል?»