ፒ-ፓች፦ የሲያትል የጋራ ጓሮዎች

ፒ-ፓች በዩናይትድ ስቴትስ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ የሲያትል ከተማ አስተዳደር ለነዋሪዎች አትክልት የሚያለሙበት ቁራጭ መሬት የሚያከራይበት መርሐ ግብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ዛሬ 90 ገደማ የጋራ ጓሮዎችን ያቅፋል። እያንዳንዱ ጓሮ በመደብ በመደብ የተከፋፈለ ነው። ተከራዩ በመደቡ ላይ የወደደውን ይዘራል፣ ያፈራውን ቤቱ ይወስዳል። መተላለፊያው፣ የውሃ ቧንቧው፣ የብስባሽ ክምሩና የመሣሪያ ማስቀመጫው ግን የሁሉም ነው። መርሐ ግብሩን ከሃምሳ ዓመት በላይ ያቆየው የአትክልት ፍቅር እንደሆነ ብዙ ይባላል። ፍቅሩ በየጸደዩ አለ፤ እስከ ነሐሴ የሚያደርሰው ግን ደንቡ ነው።

ስሙ የመጣው ከፒካርዶ ቤተሰብ ነው። ከጣሊያን የፈለሱት ፒካርዶዎች በሰሜን ምሥራቅ ሲያትል፣ ዌጅውድ በተባለው ሠፈር፣ ረግረግ በነበረ ጥቁር አፈር ላይ አትክልት እያመረቱ ለገበያ ያቀርቡ ነበር። በ1970ዎቹ መባቻ ቦይንግ ሠራተኞቹን በአሥር ሺዎች እየቀነሰ ከተማዋ በሥራ አጥነት ስትመታ፣ ዳርሊን ረንድበርግ የተባለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከእርሻው ላይ ቁራጭ መሬት ለምና በአቅራቢያው ካለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር አትክልት ተከለች። ምርቱ ለተቸገሩ ቤተሰቦች ምግብ ለሚያድል ማኅበር ተሰጠ። ከተማው በ1973 መሬቱን ተከራይቶ ለነዋሪዎች ከፈተው፤ በኋላም ገዛው። የፒካርዶ ጓሮ እስከ ዛሬ ይታረሳል፣ በስፋትም ከቀዳሚዎቹ ነው።

ሌሎቹ ጓሮዎች ሁሉ እንዲህ አልተመቻቸውም። ኢንተርቤይ የተባለው በ1974 በቀድሞ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ ተመሠረተ። ለጎልፍ ሜዳ ሲባል ሁለት ጊዜ ከቦታው ተነሥቷል፤ አትክልተኞቹ በየጊዜው አዲስ አፈር ከባዶ መሥራት ስለነበረባቸው በብስባሽ አዘገጃጀት የታወቁ ሆኑ። በማውንት ቤከር ሠፈር የሚገኘው ብራድነር ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለቤት ግንባታ ሊሸጥ ታስቦ ነበር። ነዋሪዎቹ ፊርማ አሰባስበው ከተማ አቀፍ ዘመቻ አደረጉ። የዘመቻው ፍሬ የሆነው የ1997 ድንጋጌ፣ ከተማው የመናፈሻ መሬትን በአቻ መሬት ሳይተካ መሸጥም ሆነ ለሌላ ጥቅም ማዋል እንዳይችል አሰረው። ከተማዋ በኋላ እንዳየችው ዓይነት የመሬት ዋጋ ባለበት ቦታ አንድ የጎመን መደብ ያለ ሕግ ከለላ ስንት ዓመት እንደሚቆይ መገመት አያዳግትም።

የመደቡ ልክ እንደ ጓሮው ይለያያል። የተለመደው ከ100 እስከ 400 ካሬ ጫማ ነው፤ ይህም ከ9 እስከ 37 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ተከራዩ አነስተኛ ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል፤ አቅም ለሌለው ድጎማ አለ። በዓመት ቢያንስ 8 ሰዓት ለጋራው ሥራ ይሰጣል፦ መተላለፊያ ያርማል፣ በእጅ ጋሪ የእንጨት ፍቅፋቂ ያመላልሳል፣ አጥር ይጠግናል። በአገራችን ደቦ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሰዓቱ በመዝገብ መስፈሩ ነው። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ፣ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መድኃኒት ክልክል ነው። መደቡን አረም እንዲውጠው የተወ ተከራይ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ካልሰማ መደቡ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። በአንዳንድ ሠፈሮች ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። ይህ ደንብ ጨካኝ የሚመስለው ላላረመ ሰው ነው። ሐረግ አረም በመሬት ውስጥ ተስቦ ጎረቤት መደብ ውስጥ ብቅ ሲል ያየ ሁሉ ደንቡ ይጠብቅ ይላል።

ከመደብ የተገኘ ምርት በተለመደው ጓሮ ለገበያ አይወጣም። የተረፈው ለምግብ ባንኮች ይሰጣል፤ በአንዳንድ ዓመታት የተሰጠው ከ40,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ18 ቶን በላይ ደርሷል። ለሽያጭ የተለዩ ጓሮዎች በኒው ሆሊና በሃይ ፖይንት ከከተማው የቤቶች ባለሥልጣን ጋር በመተባበር ተቋቁመዋል፤ በእነዚህ የሚያመርቱት በአብዛኛው ስደተኞች ናቸው። ደቡብ ሲያትል የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ስለሆነ በእነዚህና በአጎራባች ጓሮዎች ከካምቦዲያ፣ ከላኦስ፣ ከቬትናምና ከሶማሊያ የመጡ ሰዎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከመጡት ጋር ጎን ለጎን ይኮተኩታሉ። አማርኛም ከተማው መረጃዎቹን ከሚተረጉምባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ከኢትዮጵያ ደጋ ለመጣ አትክልተኛ የሲያትል ወቅት የተገላበጠ ነው። ከተማዋ በዝናብ ስሟ ይነሣ እንጂ በዓመት የምታገኘው 950 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያነሰ። ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ዝናቡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሲያካፋ ይከርምና፣ አገር ቤት ምድሩ ጭቃ በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ እዚህ መሬቱ ይሰነጠቃል። ሁለቱ ወሮች ተደምረው ከዓመቱ ዝናብ ከ5 በመቶ አይበልጡም። ስለዚህ ዋናው የበጋ ሥራ ውሃ ማጠጣት ነው። በየቀኑ ላይ ላዩን መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ጣት ጠልቆ እርጥበት እስኪያገኝ ድረስ ማጠጣት ይሻላል። አፈሩን በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል ማልበስ እርጥበቱን ይይዛል። በጸደይ ግን ያው ልባስ ለዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ መደበቂያ ስለሚሆን ችግኙ እስኪጠና ድረስ ገለል ይደረጋል። ቀንድ አውጣው ሌሊት ነው የሚወጣው፤ ባትሪ ይዞ መልቀም ያዋጣል።

ሁለተኛው ነገር የቀኑ ርዝመት ነው። በሰኔ ቀኑ 16 ሰዓት ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት አካባቢ ከሚሆንበት አገር የመጣ ሰው በግንቦት የዘራው ድንብላል ቅጠሉን ሳይጠግበው አብቦ ያገኘዋል። የአበሻ ጎመንም እንዲሁ ለማበብ ይቸኩላል፤ ቀኑ ማጠር ሲጀምር፣ በሐምሌ መጨረሻ የተዘራው ግን ቅጠሉ ይበረታል። አበሾች በአሜሪካ ለጎመን ወጥ የለመዱት ኮላርድ ከዚህ ይለያል። ብርድ ሳይነካው አያብብም፤ ክረምቱን ውጭ ያሳልፋል፣ ውርጭ ሲመታው ደግሞ ይጣፍጣል። ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት ይተከላል፣ በሐምሌ ይነቀላል። በሶብላ በመጀመሪያው ውርጭ ይጠቁራል። ጤና አዳም ለዘብ ያለውን ክረምት ይቋቋማል፤ በፀሐይ ሲቆርጡት ግን ፈሳሹ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት ያስፈልጋል። ቃሪያ ይሳካል፤ ቀልቶ በርበሬ እንዲሆን መጠበቅ ግን በዚህ ቀዝቃዛ በጋ ተስፋ ሊያስቆርጥ ይችላል።

ጎመን የሚያለማ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ በሽታ አለ። በቀትር ተክሉ ይጠወልጋል፣ ማታ ይነሣል፣ ቀስ በቀስም ይቀጭጫል። ነቅለው ሲያዩት ሥሩ ዝንጅብል መስሎ አብጧል። የሚያመጣው በአፈር ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ነው፤ አንዴ ከገባ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። እርጥብና ኮምጣጣ አፈር ይስማማዋል፤ የሲያትል አፈር ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንዲያ ነው። ኖራ መጨመር ይቀንሰዋል፣ ጎመንን፣ ጥቅል ጎመንንና የአበባ ጎመንን በአንድ ቦታ አለመደጋገምም ይረዳል፤ ፈጽሞ የሚያጠፋው ግን የለም። የሚዛመተው በጫማ ጭቃ፣ በጋራ ዶማና አካፋ፣ ታማሚው ተክል በተጣለበት ብስባሽ ነው። መሣሪያውን ሳያጥብ የመለሰ አንድ ሰው የሃያ ጎረቤቱን ጎመን ሊያሳጣ ይችላል። ለዚህ ነው የታመመ ሥር ብስባሽ ክምር ላይ ሳይሆን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የሚጣለው።

መኸሩ ሲያልቅ መደቡ ባዶውን አይከርምም፤ ዝናቡ የአፈሩን ምግብ አጥቦ ይወስደዋልና። አትክልተኞች በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት አፈር የሚያለብስ ሰብል ይዘራሉ፤ ከሚዘወተሩት አንዱ ባቄላ ነው። በሥሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይይዛሉ። ባቄላው በሚያዝያ ማበብ ሲጀምር ታጭዶ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል፤ እንዲያፈራ ከተተወ ናይትሮጅኑ አብዛኛው ወደ ፍሬው ይሄዳል። እሸት ለለመደ ሰው ያበበ ባቄላ ማጨድ ኃጢአት ይመስላል። ብዙዎቹ አበሾች የሚያደርጉት መካከለኛውን ነው፦ በመደቡ ዳር አንድ ረድፍ ለእሸት ያስቀራሉ፣ የቀረውን ያጭዳሉ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት አፈር ውስጥ ከበሰበሰ በኋላ የቲማቲሙ ችግኝ በላዩ ይተከላል።