የዴዴሳው ቢጫ ወባና የዘገየው ወሬ

ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች የተዛመተው ቢጫ ወባ ወደ 100,000 ሰው እንዳጠቃና 30,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ክትባቱ ግን በ1937 እ.ኤ.አ. የተገኘ ነበር። ስለዚህ ከክትባቱ ይልቅ የጎደለው፣ በየመንደሩ የታየውን ሕመም በጊዜው ለሚወስን ሰው የሚያደርስ መሥመር ነው። «መንገድ ስላልነበረ ነው» የሚል መከራከሪያ ይነሣል። የኢሉባቦር ዝናብና ጭቃ ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም የጎሬና የመቱ ቡና በዚያው አገር አቋርጦ ገበያ ይደርስ ነበር። ቡናው ባለቤት ነበረው፤ የሕመሙ ወሬ ግን አልነበረውም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን ሲመድብ፣ ወሬው ባለቤት አገኘ፤ ይህም በእኔ ግምት ከብዙ ሕንፃ የሚበልጥ ሥራ ነው። ወሬው ዳግም እንዳይዘገይ፣ አሁን የመቱ አምቡላንስ ሾፌሮች የእነዚህን ሠራተኞች ስልክ፣ እነሱም የሾፌሮቹን ይያዙ።