የጎደለው ቡሎን፦ ስለ አሮጌ ዶቅዶቄና ስለ መለዋወጫ ፖለቲካ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። ፖለቲካ የለመዳችሁ ቅር አትሰኙ፤ መንገዱ ወደዚያው ያደርሰናል።

አሮጌ ዶቅዶቄ ሊያድስ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያልመው ስለ ቀለሙና ስለ ሰልባትዮው ማማር ነው። ሥራው የሚቆመው ግን በትንሽ ነገር ነው፤ በአንድ ቡሎን፣ በአንዲት ሞላ፣ ጥርሱ በተበላ አንድ ማርሽ። ኩሽኔታ ያስቸግራል ብሎ የሚፈራ ካለ አይፍራ። የኩሽኔታ ቁጥር የዓለም ቋንቋ ነው። 6204 የተባለ ኩሽኔታ ሚላኖ ቢሠራ ኦሳካ የውስጥ ቀዳዳው 20፣ የውጭ ክቡ 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ መርካቶ ገብቶ ቁጥሩን መጥራት ይበቃል። ጓርኒሲዮንም ከወረቀትና ከቡሽ በመቀስ ይቆረጣል። መከራው የሚጀምረው ፋብሪካው ለዚያች ሞተር ብቻ ብሎ የሠራው ነገር ላይ ሲደረስ ነው። የማኜቶው ጥቅል ሲቃጠል፣ የካምቢዮው ጥርስ ሲረግፍ፣ ፒስቶኑ ሲሰነጠቅ ፋብሪካው የት እንዳለ፣ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ይህ ጥያቄ ነው የታሪክ መምህር የሆንሁትን እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ።

እስካሁን የጠራኋቸውን ቃላት ልብ በሉልኝ። ቡሎን፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፒስቶን፣ ሰልባትዮ። ካንዴላን፣ ፍሪሲዮንን፣ ማርሚታን፣ ፓራፋንጎን፣ ቢየላን፣ ዳዶንና ሩንዴላን ጨምሩበት። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው፤ ብረት የሚቀርጸው መሣሪያ ቶርኖ ነው። ጋራዥ የገባ ጣሊያናዊ ያለ አስተርጓሚ ግማሹን ወግ ይረዳል ማለት ይቻላል። እነዚህ ቃላት በአንድ ጊዜና በአንድ መንገድ የመጡ አይደሉም፤ ከአስመራም የመጡ አሉ። በመላ አገሪቱ የሠራተኛ መግባቢያ ያደረጋቸው ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው ወረራና ከዚያ በኋላ የመጣው የጋራዥ ዘመን ነው።

የፋሺስት ጦር ሞተር ብስክሌትን ለመልእክት፣ ለቅኝትና ለውጊያ ተጠቅሞበታል። ከታወቁት አንዱ ሞቶ ጉዚ ጂቲ 17 የተባለው ነበር፤ ከ1932 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ማንዴሎ ዴል ላሪዮ በተባለች የሐይቅ ዳር ከተማ ተሠርቷል። አንድ ሲሊንደር ብቻ አለው፤ እርሱም እንደ ሌሎቹ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይሆን ወደ ፊት የተጋደመ ነው። የሲሊንደሩ ክብ 88፣ የፒስቶኑ ጉዞ 82 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጠቅላላ መጠኑ ወደ 500 ሲሲ ይጠጋል። ይህ ልክ በኋላ በወጣው አልቼ በተባለው የጦር ሞዴል ላይም አልተለወጠም። አሮጌ ጉዚ ለሚያድስ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው። ክቡ 88 የሆነ የመኪና ፋሻ ከተገኘና ውፍረቱ ከፒስቶኑ ጎድጓዳ ጋር ከገጠመ፣ ሞተሩ ያለ ፋብሪካው ቡራኬ መተንፈስ ይችላል።

አሁን ወደ ጎጃም ልሻገር። ከቡሬ ተነሥቶ በደምበጫና በአማኑኤል በኩል ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው መንገድ በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የሽሽት መንገድ ሆኖ ነበር። በየካቲት ወር መጨረሻ ቡሬን የለቀቀው ጦር ደምበጫ አጠገብ ቻራቃ ወንዝ ላይ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ገጥሞ፣ ብዙ ሰው ከሁለቱም ወገን ከወደቀ በኋላ ጥሶ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በምሥራቅ በኩል ቢቸና የበላይ ዘለቀ አገር ነበረች፤ የሞጣው ምሽግም በሚያዝያ ወር እጁን ሰጠ። የሚሸሽ ጦር ከባድ ዕቃ ይጥላል። የአገሬው ሰው ደግሞ የተጣለ ብረት አያባክንም። ጠመንጃው ወደ አርበኛው ትከሻ፣ ላሜራው ወደ ቤት ክዳንና ወደ በር፣ የመኪናው ሞላ ወደ ቀጥቃጩ ምድጃ መሄዱ ብረት ውድ በሆነበት አገር የሚጠበቅ ነው። ሙሉ ዶቅዶቄ ከዚያ ዘመን ማግኘት የሚያስቸግረው ለዚህ ይመስለኛል፤ ጠፍቶ ሳይሆን ሌላ ነገር ሆኖ ነው።

ከዚያ እንግሊዝ መጣ። አጋር ሆኖ የመጣው የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር የጣሊያንን ንብረት የጦር ምርኮ ነው በማለት ተሽከርካሪውንም የፋብሪካ መሣሪያውንም ነቅሎ ከአገር ማስወጣቱ በዘመኑ ብዙ ያነጋገረ ጉዳይ ነው። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነትም ሙሉ ነፃነት አልሰጠንም፤ የተሻለው ስምምነት እስከ 1937 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ለእኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነገር አለ። እንግሊዝ የሚሊ ሜትር ሰው አልነበረም። የእንግሊዝ ጦር ይነዳው የነበረው ቢ ኤስ ኤ ኤም 20 የተሠራው በኢንች ነው። የእንግሊዙ ዊትዎርዝ የቡሎን ጥርስ 55 ዲግሪ፣ የሜትሩ 60 ዲግሪ ነው። አንዱን በሌላው ዳዶ ውስጥ በግድ ያስገባ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። አርበኛ ይሁን ባለጋራዥ የአገራችን ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ከአንድ የመለኪያ ዓለም ወደ ሌላው ተሻግሮ ነበር ማለት ነው፤ ማንም ሳያማክረው።

በወቅቱ እንግሊዞች ጣሊያኖች ሁሉ ከአገር እንዲወጡ ይሹ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን ባለሙያዎቹን ማስቀረት ፈለጉ፤ የተወሰኑትም ቀሩ። ይህ ውሳኔ በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ተገቢ ቦታውን አላገኘም ባይ ነኝ። ጋራዥ ከፍተው የሠሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸውም ሙያውን ከነስሙ ወረሱት። እንግሊዝ መሣሪያውን ወሰደ፣ ጣሊያኑ ቃሉንና እጁን ተወ።

የእኔ ትውልድ፣ በተለይ በማቻከልና በአካባቢው ያደገው፣ ዶቅዶቄን ያወቀው ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከግብርና ሠራተኛው ነው። ያማሃ ኤጂ 100 ነበረች። ኤጂ የሚለው ምልክት ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው፤ ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳይገባባት በሽፋን የታሸገ፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያላት፣ ዘይትና ቤንዚን አብራ የምታቃጥል ትንሽ ሞተር። ገበያ ለሚወጣ ገበሬ የጢሷ ሽታ የመንግሥት ሽታ ነበር። በኋላ አስተውዬ እንደተረዳሁት እነዚህ ሞተሮች የሚመጡት ከፕሮጀክት ጋር ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መለዋወጫውም ያልቃል። ለርክክብ ሥነ ሥርዓት የሚሆን አዲስ ሞተር መግዣ በጀት አይጠፋም። ለፋሻና ለካርቡራተር ግን የሚያጨበጭብ የለም። ስለዚህ ከሦስት የቆሙ አንድ የምትሄድ ማውጣት የወረዳ ጥበብ ሆነ፤ ሁለቱ አጽም ሆነው ግቢው ጥግ ይቀራሉ። ዛሬ እነዚህ አጽሞች ራሳቸው ለአሮጌ ሞተር ወዳድ ሀብት ሆነዋል።

ይህ የወረዳ ግቢ ታሪክ በአገር ደረጃም ደርሶብናል። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ሲለያይ፣ ከሶማሊያ ጋር ለሚመጣው ጦርነት ዋና የአየር ኃይላችን ክንድ ኤፍ 5 የተባለው የአሜሪካ ጄት ነበር። ፓይለቱ አለ፣ ጄቱ አለ፤ መለዋወጫው ግን ዋሽንግተን ነው። በዚያን ጊዜ ከእስራኤል እርዳታ ይመጣ እንደነበር የታወቀው ሞሼ ዳያን በየካቲት 1978 እ.ኤ.አ. አገራቸው ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንደምትሸጥ በአደባባይ በተናገሩ ጊዜ ነው። ምሥጢሩ ሲወጣ ምን ያህል ጫጫታ እንደተነሣ የሚያስታውሱ አሉ። የሶሻሊስት መንግሥት በመለዋወጫ ምክንያት ርዕዮተ ዓለሙን እንደ ኮት ሊያወልቅ ይችላል።

ምሥራቅ ጀርመንም ቡናችንን በ1977 እ.ኤ.አ. በስምምነት ስትወስድ መሣሪያና ተሽከርካሪ ሰጠችን። ኢፋ የምንለውን የጭነት መኪና የማያውቅ የለም። ኢፋ የመኪናው ስም አይደለም፤ የተሽከርካሪ ፋብሪካዎቹ ማኅበር ስም ነው። ጾፓው ከተማ ኤም ዜድ የተባለውን ሞተር ብስክሌት ያመርት የነበረው ፋብሪካም የዚሁ ማኅበር አባል ነበር። ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 እ.ኤ.አ. ሲዋሐዱ የእኛው ኢፋ ደብሊው 50 ምርት በዚያው ዓመት መጨረሻ ቆመ። አገር ሲሞት መለዋወጫው ወላጅ አልባ ይሆናል። የሾፌሩና የሜካኒኩ ብልሃት ባይኖር ኖሮ እነዚያ መኪኖች ከዚያ በኋላ ብዙም ባልተንቀሳቀሱ ነበር።

ለመሆኑ እኛ ራሳችን ለመሥራት አልሞከርንም ወይ? ሞክረናል። አቃቂ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ ሐሳቡም ትክክል ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሜቴክ ሲመሠረት በርካታ የመንግሥት ፋብሪካዎች በእርሱ ሥር ተጠቃለሉ፤ አቃቂም አንዱ ነበር። ሜቴክ ስኳር ፋብሪካና የግድብ ተርባይን ተቋራጭ ሆኖ ወጣ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ከፍተኛ ኃላፊዎቹ በሙስና ተጠርጥረው ሲያዙ ሕዝቡ የተወያየው ስለ ገንዘቡ ነበር። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው፤ ቡሎን በብዛትና በጥራት መሥራት ሳንለምድ ተርባይን መመኘታችን።

ይህ ንቀት ሥር አለው። ባለእጅን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ሲሸሽ የኖረ ኅብረተሰብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ያሳያል። አዋጁ ምላስን ያዘ እንጂ ልብን አልለወጠም። ዛሬም ምናለሽ ተራ ገብቶ ከአሮጌ በርሜልና ከላሜራ ዕቃ ሲወጣ የሚያይ ምሁር፣ ነገሩን የድህነት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል እንጂ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ነው አይልም። ሶማሌ ተራም እንዲሁ ነው፤ እዚያ የተሸጠው ዕቃ ትናንት ማታ በማን መኪና ላይ እንደነበር አለመጠየቅ የግቢው ደንብ ነው እየተባለ ይቀለዳል። ቀልዱን ትቶ፣ ሰው የፈታውን ክፍል ሁሉ የት እንደሚገጥም በዐይን ብቻ የሚለይ እውቀት እዚያ አለ።

ዛሬ አሮጌ ቬስፓ ወይም ጉዚ የሚያድስ ሰው ጣሊያን ካለ ነጋዴ በኢንተርኔት ማዘዝ ይችላል፤ እዚያ ለአሮጌ ሞተሮች አዲስ ክፍል እንደገና የሚሠሩ አሉ። ክፍያው ግን ዶላር ወይም ዩሮ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ወረፋው ቢያጥርም ዋጋው በብር ሲቆጠር ያስደነግጣል። ስለዚህ የፒስቶን ፋሻ በዘመድ ሻንጣ፣ ከሽቶና ከጫማ ጋር ይመጣል። አዲስ አበባ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በሞተር ብስክሌት ላይ በጣለችው እገዳ፣ ከተፈቀደላቸው በቀር፣ የታደሰውን የሚነዱበትን መንገድ አጠበበች።

የሚቀረው ቶርኖ ቤት ነው። ጎበዝ ባለቶርኖ የዊትዎርዝን ጥርስ ከሜትሩ በጥፍሩ ይለያል፤ የተበላውን ማርሽ በብየዳ ሞልቶ እንደገና ይቀርጻል፤ የቫልቭ መመሪያ ከነሐስ ይመታል። የሠራውን ግን አይጽፈውም፤ ልኩ የሚኖረው በጭንቅላቱና በግድግዳው ላይ በጠመኔ በተጫረ ቁጥር ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከአማኑኤል ሩቅ አይደለም። አንድ የምሕንድስና ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የወረዳ ግቢዎችን ዞሮ፣ የቆሙትን የያማሃዎች ክፍል አንድ በአንድ ቢለካና ቢነድፍ፣ ንድፉንም ለባለቶርኖዎቹ ቢያከፋፍል፣ የሚያስፈልገው አንድ ካሊፐር፣ አንድ የጥርስ መለኪያና አንድ ክረምት ነው።