የድመት አደን

የድመት አደን የቤት ድመት አይጥን፣ ወፍን፣ እንሽላሊትንና ነፍሳትን አድብታ የምትይዝበት ተፈጥሯዊ ባሕርይ ነው። ድመት በሰው ቤት ተወልዳ፣ ከሰው እጅ እየበላች ብታድግም ይህ ባሕርይ አይለቃትም። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ይህንኑ ያመለክታል። ሆኖም ምሳሌው የሚናገረው ግማሹን ነው፤ ማድባቱ አብሯት የሚወለድ ሲሆን፣ አይጥን በሚገባ ይዞ መግደልን ግን በእናቷ አጠገብ ታዳብረዋለች።

አመጣጥ

የቤት ድመት የተገኘችው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ይህ እንስሳ ዛሬም ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮችና በምዕራብ እስያ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት መገኘቷን ገልጿል። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ወደ እህሉ፣ ድመትም ወደ አይጡ እንደመጡ ይታመናል። ውሻን ሰው ለአደን ብሎ እየመረጠ አራብቶታል፤ ድመት ግን ሥራዋን ይዛ ነው የመጣችው።

አደኑ እንዴት ይካሄዳል

ድመት ሩቅ መሮጥ አትችልም፤ ስለዚህ አደኗ በትዕግሥትና በአጭር ዝላይ ላይ የተመሠረተ ነው። አንዳንድ ጊዜ በአይጥ ጉድጓድ ፊት ሳትንቀሳቀስ ረጅም ሰዓት ትጠብቃለች፤ ሌላ ጊዜ እየተዘዋወረች ትፈልጋለች። ጆሮዋ ሰው ከሚሰማው ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ የሆነውን የአይጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ከዓይኗ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ሽፋንም በጣም ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ እንድታይ ይረዳታል።

ታዳኙን ስታገኝ ሆዷን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ ትስባለች፤ የኋላ እግሯን የፊተኛው ባረፈበት ቦታ ላይ ስለምታሳርፍ ኮሽታዋ ይቀንሳል። ስትቀርብ ትቆማለች፤ የጅራቷ ጫፍ ይንቀሳቀሳል፤ ወገቧን ግራና ቀኝ ታወዛውዝና ትዘላለች። በፊት እግሮቿ ጥፍር ትይዘዋለች። ቅርብ ያለን ነገር አጥርታ ስለማታይ በዚህ ጊዜ ጢሟ ወደ ፊት ተዘርግቶ ታዳኙ የት እንዳለ ይነግራታል። የመጨረሻው ንክሻ በማጅራት ላይ ነው፤ ክራንቻዋ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ገብቶ ኅብለ ሰረሰሩን ይቆርጣል።

ድመት ከያዘችው አይጥ ጋር ስትጫወት የሚያይ ሰው ጭካኔ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት ግን ድመት በራባት መጠን ቶሎ እንደምትገድል፣ ታዳኙ በተለቀ መጠን ደግሞ እንደምታመነታ አሳይቷል። አይጥም ይነክሳል፤ መምታትና መልቀቁ በከፊል ጥንቃቄ ነው።

በደመ ነፍስ ወይስ በትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1962 በዬል ዩኒቨርሲቲ ዋስማንና ፍሊን የተባሉ ተመራማሪዎች ሀይፖታላመስ የተባለውን የአንጎል ክፍል በኤሌክትሪክ ሲያነቃቁ፣ በወትሮው አይጥን የማይነኩ ድመቶች አድብተው ነክሰዋል። የአደኑ መሠረት አንጎል ውስጥ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ ይህ ያሳያል።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ቻይናዊው የሥነ ባሕርይ ተመራማሪ ዚንግ ያንግ ኩዎ ሌላውን ወገን አሳይቶ ነበር። እናታቸው አይጥ ስትገድል እያዩ ካደጉ 21 ግልገሎች 18ቱ አይጥ ገዳይ ሆኑ። ብቻቸውን ካደጉት 20 ግልገሎች የገደሉት 9 ናቸው። ከአይጥ ጋር በአንድ ቤት ካደጉት 18 ደግሞ 3 ብቻ ገደሉ፤ እነርሱም አብሯቸው ያደገውን የአይጥ ዓይነት አልነኩም። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው «ደመ ነፍስ ነው» ብሎ ብቻ ሊያልፍ አይችልም።

እናቲቱ ግልገሎቿ አንድ ወር ሲሞላቸው ገደማ መጀመሪያ የሞተ፣ ቀጥሎ በሕይወት ያለ ታዳኝ ታመጣላቸዋለች። ለአይጥ ሲባል ግልገል የሚወስድ ሰው እናቲቱ አዳኝ መሆኗን ቢጠይቅና ቶሎ ከእናቷ ባይነጥላት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ድመትና ጎተራ

የሶሮ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጊምቢቹ ዙሪያ፣ እንዲሁም በሌሎች የሀዲያና የከምባታ ደጋማ አካባቢዎች ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ይመረታል። እህሉ በጎተራ ወይም በጆንያ ሆኖ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ አይጥ ይበላዋል፤ ከሚበላው ሌላ በሽንቱና በኩሱ የሚያበላሸውም አለ። ድመት የምትያዘው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

«ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ብሎ ማስራብ የተለመደ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ ሙከራ የሚወዱትን ምግብ እየበሉ የነበሩ ድመቶች አይጥ ሲያዩ ምግቡን ትተው አይጡን ገድለዋል፤ ከዚያም ወደ ምግባቸው ተመልሰዋል። የምግቡ ዓይነት ግን ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች ወደ ቤት የሚያመጡት ታዳኝ በ36 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ትራፊ እንጀራና ቂጣ ብቻ ለምትበላ ድመት አይጡ ቀሪው ምግቧ ነው።

ድመት ሁሉንም አይጥ ትጨርሳለች ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኒውዮርክ ጥናት፣ 150 ያህል ትላልቅ አይጦች በሚኖሩበት ስፍራ ድመቶች በ79 ቀን የገደሉት 2 ብቻ መሆኑን መዝግቧል። ድመት የምትመርጠው ትንሿን አይጥና የትልቁን አይጥ ግልገል ነው። ስለዚህ ጎተራውን ከመሬት ከፍ ማድረግና ቀዳዳውን መድፈን አይቀርም።

ከሁሉ የከፋው ድመትንና የአይጥ መርዝን በአንድ ቤት መጠቀም ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መርዞች አይጡን የሚገድሉት ከቀናት በኋላ ነው። በእነዚህ ቀናት አይጡ ይፈዛል፤ ድመቷም በቀላሉ ይዛ ትበላዋለች፤ መርዙም ወደ እርሷ ያልፋል። አይጡ ግን ቶሎ ስለሚራባ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ጠባቂዋ የለችም።

አዳኝ ድመት ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ጥገኛ ተውሳክ ከአይጥ ልትይዝ ትችላለች። ተውሳኩ የያዘው አይጥ የድመትን ሽታ መፍራት ይቀንሳል፤ በዚህም በቀላሉ ይያዛል። በድመት ኩስ የሚወጣው ተውሳክ ለነፍሰ ጡር ሴት ፅንስ አደገኛ ነው። ከወጣ በኋላ ሰውን መያዝ እስኪችል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅ፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው ኩሱን በየቀኑ ቢጠርግና እጁን በሳሙና ቢታጠብ አደጋው በብዙ ይቀንሳል።