ቀለህ፦ ከውጅግራ እስከ አርደን ሂልስ

አያቴ ኩሏን የምታኖረው በባዶ ቀለህ ውስጥ ነበር። አፉን በእንጨት ውታፍ ገጥማ፣ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትይዘዋለች። ያኔ ልጅ ነበርኩና ቀለሁ ስፌትም ሆነ የብየዳ መጋጠሚያ እንደሌለው ልብ አላልኩም። ዛሬ እዚህ ዌስት ሴንት ፖል ተቀምጬ፣ ከሥራ መልስ ስለ ብረታ ብረት ሳነብ ነው ነገሩ የገረመኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከነሐስ ዝርግ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይቆረጣል። ነሐሱ ከመቶ 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ ነው። ክቡ ቀዳዳ ባለው የብረት መደብ ላይ ይቀመጥና ከላይ ዘንግ ተጭኖ ወደ ቀዳዳው ሲያወርደው ትንሽ ሲኒ ይሆናል። ሲኒው ደግሞ ጠበብ ባለ ቀዳዳ ይገፋል፤ ይረዝማል፣ ግድግዳውም ይሳሳል። ታዲያ አይቸኮልም። የክቡ ስፋት ከዘንጉ ስፋት ሁለት እጥፍ እጅግ ካለፈ፣ በአንድ ጊዜ ሲሳብ ይቀደዳል። ነሐስ በተሳበ ቁጥርም ይደርቃል፤ ስለዚህ በየመካከሉ በእቶን እያጋሉ ያለሰልሱታል፣ ያጥቡታል፣ እንደገና ይስቡታል። በእንግሊዝኛ «ዲፕ ድሮዊንግ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

የአገራችን ሰው ከዚህ ዕቃ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ በፈረንጆች 1874 የወጣው የፈረንሳዩ ግራ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነበር። በምኒልክ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገበያ የጠገራ ብር መዘርዘሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ባዶው ቀለህ እንኳ አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ ዳግመኛ ይተኮሳል።

የዚህ ዕቃ ታላቅ ፋብሪካ ከእኛ ሰፈር በስተሰሜን፣ አርደን ሂልስ ላይ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? የአሜሪካ መንግሥት በ1941 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ያሠራው ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ፌዴራል ካርትሪጅ የተባለው ኩባንያ ነበር። ጦርነቱ በተፋፋመ ጊዜ ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ ከእነሱም ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ናቸው።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ ጥቁር ሰው ፋብሪካ ሥራ ሲጠይቅ ከበር ይመለሳል፤ ቢገባም መጥረጊያ ነው የሚሰጠው። በሰኔ 1941 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመከላከያ ፋብሪካዎች ቅጥር ላይ የዘር አድልዎን የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ። ትእዛዝ በወረቀት መቅረቱን እናውቀዋለን፤ ከአገራችንም ለምደነዋል። እዚህ ግን የሚኒያፖሊስ ስፖክስማን ጋዜጣ መሥራች ሲሲል ኒውማን ነገሩን አጥብቀው ያዙ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ሆርንም በቅጥር ጉዳይ አማካሪ አደረጓቸው። ወደ 1,000 የሚጠጉ ጥቁሮች ተቀጠሩ። በ1940 ቆጠራ በመላው ሚኒሶታ የነበሩት ጥቁሮች ሕፃናት ሳይቀሩ 10 ሺህ እንኳ እንደማይሞሉ ያስታውሷል! በብዙ ቤት አንድ ሰው ደመወዝ አመጣ።

ፋብሪካው ሌላም ነገር ትቷል። ብረቱን ከቅባት ያጸዱበት የነበረው ኬሚካል ወደ መሬት ሰርጎ፣ በ1981 በኒው ብራይተን የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶች ውስጥ ተገኘ። በ1983 ቦታው በፌዴራል መንግሥት አደገኛ ብክለት ካለባቸው ቦታዎች መዝገብ ገባ።

ያው ጥበብ ኋላ በዚሁ አካባቢ ለልብ ሕሙማን ዋለ። ኧርል ባከን በ1957 በባትሪ የሚሠራ የልብ ምት መቆጣጠሪያ (ፔስሜከር) የሠሩት ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነው። በሰውነት ውስጥ የሚቀበሩት የመጀመሪያዎቹ በኢፖክሲ ሙጫ የተለበጡ ስለነበሩ የሰውነት እርጥበት ይሰርግባቸው ነበር። በ1970ዎቹ በታይታኒየም ቅርፊት ይዘጉ ጀመር፤ ሁለት ግማሾች ከስስ ዝርግ በፕሬስ ተጭነው ቅርጽ ይይዙና ጠርዝ ለጠርዝ ይበየዳሉ። ከወገኖቻችን መካከል በሌሊት ፈረቃ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን በማጉያ መነጽር የሚመረምሩ አሉ። አንዷ እህታችን ስትነግረኝ፣ በእጅ ጓንት ይዛ ስታየው ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ኩባያ አለ፤ ጠርዙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካየች ወደ ቀዩ ሣጥን ትጥለዋለች።