ሳይመሽ ውጣ፦ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሕመም ስጋት ታሪክ



የዛሬው ርእሴ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ስጋት ነው። ስጋቱ ለወራት ሲዘልቅና የምርመራ ውጤት አልገታው ሲል፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ራሱን እንደቻለ ሕመም ይቆጥሩታል። ጥንታውያን ግሪኮች «ሂፖኮንድሪያ» ያሉት ከጎድን አጥንት በታች ያለውን የሆድ ክፍል ነበር፤ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚል የአማርኛ ተናጋሪ ቦታውን ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል። እኔ ግን የታሪክ ሰው ነኝና ጥያቄዬ፣ ይህን ስጋት ከየት ተማርነው የሚል ነው።

ደሴ ተወልጄ አደግሁ። አባቴ ለንግድ ወደ ኮምቦልቻ በወረደ ቁጥር አያቴ «ልጄ፣ ሳይመሽ ውጣ፤ እዚያ እንዳታድር» ትለው ነበር። ሲመለስም ግንባሩን በእጇ ጀርባ ትዳስሰዋለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸውና ለአያቴ ሁለት አገሮች ነበሩ።

የደጋው ሰው ንዳድ የሚመጣው ከቆላ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ሮናልድ ሮስ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያገኘው በ1889 ዓ.ም. ነው። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ፣ «ቆላ አትደር» የሚለው ምክር ምክንያቱን ቢስትም ጥንቃቄውን አልሳተም። ስለዚህ ይህን ፍርሃት አጉል እምነት ብለው የሚያልፉትን ጸሐፊዎች አልከተልም። ፍርሃቱ ዕውቀት ነበር፤ ቦታና ሰዓትም ነበረው።

ድንበሩን ያናጋው የ1950 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከሰኔ አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን የአገሪቱን ክፍል አጥለቀለቀ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉም እንደሞተ ተገምቷል። ኮምቦልቻ የምትገኘው በዚሁ የከፍታ እርከን ውስጥ ነው። ክፉኛ የተጎዳው ንዳድን የቆላ ጣጣ አድርጎ የኖረ፣ ሰውነቱም ያልተላመደው ሕዝብ ነበር። ወዲያውም የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ በየቤቱ ግድግዳ ዲዲቲ ተረጨ። በሽታው በብዙ ስፍራ ቀነሰ። ፍርሃቱ ግን የሚረጭ መድኃኒት አልነበረውም።

ይህን ከራሴ አውቃለሁ። ኮምቦልቻ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ማታ ማታ ሙቀቴን እለካ ነበር። በአንድ ክረምት ዘጠኝ ጊዜ ደም ሰጠሁ፤ ዘጠኙም ነጻ ነበሩ። እያንዳንዱ ውጤት የሚያሳርፈኝ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ከዚያ «ናሙናው ተቀያይሮ ቢሆንስ?» እላለሁ። ሳልኮቭስኪስና ዋርዊክ በ1978 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የገለጹት ይህንኑ ዑደት ነው፦ ደጋግሞ ማረጋገጫ መሻት ስጋቱን ለጊዜው ያስታግሣል፤ ቆይቶ ግን ያጸናዋል። አያቴ ከመንገዱ ቁልቁለት ላይ ያሰመረችውን ድንበር እኔ በገላዬ ላይ ስፈልገው ነበር፤ ገላ ደግሞ ሌት ተቀን አብሮ ይሄዳል።

የኅዳር 12ን ጭስ አስቡት። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ቆሻሻ የማቃጠሉ ልማድም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ጭሱ በሽታ ስለመከላከሉ አልከራከርም (ለሳምባ እንደማይበጅ ግን የታወቀ ነው)። የሚገርመኝ ቀን ያለው መሆኑ ነው። ጎረቤት በአንድነት ያነድዳል፤ በማግሥቱ ማንም ደግሞ አያነድድም።

አንድ ባለሙያም የመከረኝ ከዚህ የራቀ አልነበረም፦ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ የማለት ስሜት በእርግጥ ከመጣ ሳልዘገይ አንድ ጊዜ እንድመረመር፣ በውጤቱም እንድሄድ፤ ያለ ምልክት ግን እንዳልለካ። ወባ በኮምቦልቻ ዛሬም አለና የመጀመሪያው ክፍል ቀልድ አይደለም። የከበደኝ ሁለተኛው ነው። ለመለካት ስቋምጥ ሰዓቱን በደብተር ጽፌ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከቀድሞው የባሰ ነበር፤ እንቅልፍ አልነበረኝም። በሦስተኛው ወር ደብተሩ ላይ ባዶ ገጾች መታየት ጀመሩ። ቴርሞሜትሩ አሁንም ቤቴ አለ። አያቴም እኮ ግንባር የምትዳስሰው አንድ ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቡናዋ ትመለሳለች።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።