የግልገል የአየር ቧንቧ ለምን አብዝቶ ይጠባል? ዕድሜና የሳንባ ግፊት ከጨፋ መንጋ አንጻር

በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋው የጨፋ ረግረግ በበጋ ከአፋር ቆላ ሳይቀር ለሚመጣ መንጋ ግጦሽ ይሰጣል፤ በባቲ የሰኞ ገበያ ደግሞ ፍየል፣ በግና ግመል ይሸጣል። ከከሚሴ ዙሪያ የመጣ ግልገል ትንፋሽ ሲያጥረው ሐኪሙ አስቀድሞ ጀርሙን ይፈልጋል፤ ተገቢም ነው። ሆኖም ተመሳሳይ ሕመም ግልገሉን ከእናቱ ይልቅ ለምን እንደሚያስጨንቀው ጀርሙ ብቻ አያስረዳም። በእኔ እምነት የጎደለው ማብራሪያ ቧንቧውን ከውጭ ወጥሮ በሚይዘው ኃይል ውስጥ ይገኛል።

የአየር ቧንቧን የሚከብበው ለስላሳ ጡንቻ ሲኮማተር ቧንቧው ይጠባል። ከውጭ የተያያዘው የሳንባ አካል ግን፣ የድንኳን ገመድ ሸራውን እንደሚወጥር፣ ወደ ውጭ ይስበዋል። ይህ ስበት የሚመነጨው በሳንባ ከረጢቶችና በደረት ክፍተት መካከል ካለው የግፊት ልዩነት ነው፤ ሳንባው በተነፋ መጠን ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1987 ዲንግ፣ ማርቲንና ማክለም በጤነኛ ሰዎች ላይ እንዳሳዩት፣ ሳንባ ከዕረፍት መጠኑ ከፍ ብሎ ሲነፋ ሜታኮሊን (ጡንቻውን የሚያኮማትር መድኃኒት) የሚያስከትለው ጥበት ይቀንሳል፤ ዝቅ ሲል ይብሳል። በ1996 ደግሞ የሼን፣ የገንስትና የቴፐር ቡድን ለሜታኮሊን በተጋለጡ ጥንቸሎች ላይ የሕፃናቱ ቧንቧ ከአዋቂዎቹ ይልቅ እንደሚጠብ አስመዘገበ። የሕፃን ደረት ለስላሳና በቀላሉ ተለጣጭ በመሆኑ ሳንባውን በዕረፍት ጊዜ አጥብቆ አይወጥርም፤ በዙሪያው ያለው የሳንባ አካልም ለመዛነፍ የሚያሳየው እምቢታ ደካማ ነው። በዚህ ላይ የቧንቧው ትንሽነት ሲጨመር ውጤቱ ይከፋል፤ አየር ሳይናወጥ በተረጋጋ ሁኔታ ሲፈስ ራዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ እንቅፋቱ 16 እጥፍ ይሆናል።

የሚሰነዘረው ዋና ተቃውሞ ‹‹የሕፃኑ ጡንቻ ራሱ ፈጥኖ ስለሚያጥር ነው›› የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ የወጣት እንስሳት ጡንቻ በእርግጥ ፈጣን ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ያው እንስሳ፣ ያው ጡንቻ ግፊቱ ሲጨመር ጥበቱ ከቀነሰ፣ ወሳኙ ጡንቻው የሚጎትተው ሸክም ጭምር ነው ማለት ነው። ይህ የዕድሜን ልዩነት በሙሉ ለሸክሙ አይሰጥም፤ ለጡንቻው ብቻ መስጠትን ግን ይከለክላል።

ጥንቸል ፍየል አይደለችም የሚል ሰውም ይኖራል። ልክ ነው፤ መጠኑን መዋስ አይቻልም። የጡንቻውና የስበቱ ግጥሚያ ግን በአጥቢዎች ሁሉ አለ። እንዲያውም የከብት ሳንባ በግድግዳ ተከፋፍሎ አየር ከጎረቤት ክፍል በቀላሉ ስለማይሻገር፣ አንድ ቧንቧ ሲዘጋ ጥጃ ከብዙ እንስሳት የበለጠ ይጎዳል። ግልገልን የሚገድለው ተላላፊ የሳንባ በሽታ ነው የሚለውም እውነት ነው፤ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረተው ክትባት ምትክ የለውም። የተከተበ ግልገልም ቢሆን እግሩ ታስሮ በጎኑ ሲጋደም ወይም ሆዱ ተነፍቶ ድያፍራሙን ሲገፋ የሳንባው መጠን ይቀንሳል፤ ስበቱም አብሮ ይላላል።

ስለዚህ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና መምህራንና የኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ይህን ግጥሚያ በአካባቢው ፍየሎች ላይ በየዕድሜው ይለኩት። ነጋዴውም እስከዚያው የሚያስነጥስና የሚያለከልክ ግልገል በጎኑ አስተኝቶ ከመጫን ይቆጠብ፤ በደረቱ እንዲተኛ ወይም እንዲቆም ያድርገው።